የኮንሰርት ድምፅ ሲቀዳ እንዳይበላሽ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ባለፈው ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ በተካሄደ ኮንሰርት ላይ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ቆሜ በትንሽ መቅጃ ቀዳሁ። መለኪያው ከ-9 ዴሲቤል ባያልፍም (የመቅጃው ጣሪያ 0 ነው)፣ ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ በተመቱ ቁጥር የዘፋኙ ድምፅ ጭምር እንደሚቀደድ ጨርቅ ይሰነጣጠቃል። ከምን የመጣ ነው?

መልስ 1፦ ፋይሉን በኮምፒውተር ከፍተው ሞገዱን አጉልተው ይመልከቱት። ጫፎቹ -9 ላይ በመቀስ የተከረከሙ ያህል ጠፍጣፋ ከሆኑ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነው ማይክሮፎኑ ወይም ከመጠን ማስተካከያው በፊት ያለው የመቅጃው የመጀመሪያ ማጉያ ነው፤ የመቅጃ መጠኑን መቀነስ ደግሞ ቀድሞ የተቆረጠውን ድምፅ ዝቅ ከማድረግ በቀር አይጠግነውም። የብዙ ትንንሽ መቅጃዎች ማይክሮፎን የሚችለው 120 ዴሲቤል አካባቢ (ይህ የመቅጃው መለኪያ ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለው ድምፅ ልክ ነው) ስለሆነ፣ ከስፒከሩ መራቅ ከሁሉ ይቀድማል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ በአዳራሽ ውስጥ ግን ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅናሹ ያንሳል።

ጠያቂው፦ አይቼዋለሁ፤ በእርግጥም ጠፍጣፋ ነው። ባለ 32 ቢት ፍሎት መቅጃ (እጅግ ሰፊ የድምፅ መጠን ሳይቆርጥ የሚመዘግብ) ብገዛ ይፈታል?

መልስ 2፦ ማይክሮፎኑ ራሱ ከተጨናነቀ አይፈታም። እኔ የምመክርዎ የራሱ ባትሪ ያለውን፣ ከፍተኛ ድምፅ የሚችል ውጫዊ ማይክሮፎን በመቅጃው ላይን (line) መግቢያ፣ ማለትም ጠንካራ ምልክት በሚቀበለው ቀዳዳ በኩል ማገናኘት ነው። ራስ-ሰር የመጠን ማስተካከያውን ያጥፉ፤ በ24 ቢት (ዝቅ ብሎ የተቀዳ ድምፅን ጥራት በሚጠብቀው ቅንብር) እየቀዱ ከፍተኛው ድምፅ -12 አካባቢ እንዲቆም ያድርጉ። ሙዚቀኞች ከኮንሰርቱ በፊት ከሚደረገው የድምፅ ሙከራ ይልቅ በመድረኩ ላይ አብዝተው ስለሚጮኹ፣ ይህ እስከ ጣሪያው የሚቀር ትርፍ ቦታ በእጅጉ ያስፈልግዎታል።