ጥቆማ፦ ደብሊው 124 መርሴዲስ ልገዛ ነው፤ 250 ዲ፣ 300 ኢ ወይስ ኢ 220? (ፍራንክፈርትና አካባቢው)

ኮከብ_ፍራንክፈርት
ሰላም ለዚህ ቤት። የድሮ መርሴዲስ፣ ደብሊው 124 ሴዳን፣ ልገዛ ነው። በጀቴ እስከ 9,000 ዩሮ ነው። ለቅዳሜና እሑድ እና ለረጅም መንገድ እንጂ ለሥራ መመላለሻ አይደለም። ሦስት አግኝቻለሁ፦
– 250 ዲ (ናፍጣ)፣ 1990፣ አውቶማቲክ፣ 340,000 ኪ.ሜ.
– 300 ኢ (ቤንዚን)፣ 1989፣ አውቶማቲክ፣ 210,000 ኪ.ሜ.
– ኢ 220 (ቤንዚን)፣ 1994፣ ማንዋል፣ 165,000 ኪ.ሜ.፣ አንድ ባለቤት ብቻ
የትኛው ይሻላል? ከመግዛቴ በፊት በቅንነት አይቶ የሚነግረኝ ጋራዥስ የት አለ?

ዲዝል_ብቻ
250 ዲ ውሰጂ። ኦኤም 602 ሞተር ነው፤ አምስት ሲሊንደር፣ 2,497 ሲሲ፣ የቦሽ መካኒካል ፖምፓ። ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር የለም። 340,000 ለዚህ ሞተር ምንም ማለት አይደለም፤ ጀርመን አገር ታክሲ ሆነው ከዚያ በላይ የሄዱትን ማን ይቆጥራቸዋል?
ስታዪው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ይሁን። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። ሲነሣ ተንቀጥቅጦ ነጭ ጭስ ካወጣና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከተስተካከለ አንድ ወይም ሁለት ካንዴሊታ (ናፍጣ ሞተር እንዲነሣ የሚያሞቀው) ሞቷል ማለት ነው። ካንዴሊታው ራሱ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ለዓመታት ሳይነካ የቆየው በጥላሸት ተጣብቆ ሲፈታ ይሰበራል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚፈታው። አዲሱ ከመግባቱ በፊትም ቀዳዳው በመሞረጃ ይጸዳል። ቁልፉን ረጅም ጊዜ ካዞርሽ በኋላ ብቻ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፉትን ትንንሽ የናፍጣ ቱቦዎች እዪ። ጫፋቸው ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ሲደርቅ አየር ያስገባል፣ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይታያል። ቀለበቶቹ የሳንቲም ዕቃ ናቸው።

ላሜራ_ይቅደም
ሞተር መምረጥ ሁለተኛ ሥራ ነው። ደብሊው 124ን የሚገድለው ዝገት ነው፤ በ9,000 ዩሮ ሞተር ይታደሳል፣ የተበላ ቦዲ ግን አይታደስም። ባትሪ መብራት ይዘሽ በዚህ ቅደም ተከተል እዪ።
መጀመሪያ ክሪክ የሚገባባቸው አራቱ ቦታዎች። ከ1989 በኋላ የመጡት ጎናቸው ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሽፋን አላቸው (በዲዛይን ኃላፊው በብሩኖ ሳኮ ስም የሚጠሩት)፤ ከሥሩ ያሉትን ክዳኖች አንሺና ጣትሽን አስገቢ። ውስጡ ደረቅና ቀለም ያለው መሆን አለበት። ቅርፊት በእጅሽ ከወጣ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ካልወረደ በስተቀር ጉዳቱ አይታወቅም፣ ሻጩ ደግሞ እንዲወርድ አይፈቅድልሽም። ቀጥሎ የፊት ፓራፋንጎ የታችኛው ጫፍ፣ የባትሪው መቀመጫ፣ የፊት መስታወቱ ጎማ ዙሪያ። ከዚያ መኪናው ሊፍት ላይ ወጥቶ የኋላው ሞላ የሚያርፍበትና የኋላው አክስል ተሸካሚ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ይታያል። እዚያ ላይ አዲስ ጥቁር ቅባት ብቻውን ካየሽ፣ ሌላው ሥር ግን አሮጌ ከሆነ፣ የተሸፈነ ነገር አለ።
ከ1993 በኋላ የመጡት በአብዛኛው ከቀደሙት የባሰ ይዝጋሉ። ብዙ ሰው ፋብሪካው ወደ ውኃ ቀለም ከማለፉ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ኢ 220 “አንድ ባለቤት” መባሉ አያታልልሽ።
ስቱኮ ለመለየት ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለሽ በር ሥርና ጎማ ዙሪያ አስጠጊው፤ የማይዝበት ቦታ ተለስኗል።

የኦፈንባኹ_ደንበኛ
ጋራዥ ከሆነ ጥያቄሽ ኦፈንባኽ ያለው የእኛ ሰውዬ ጋ ውሰጂው፤ በውስጥ መስመር አድራሻውን እልክልሻለሁ። የድሮ መርሴዲስ ላይ እሱን የሚያህል የለም። ድምፁን ሰምቶ ይነግርሻል።

አርሂልገን_64
በድምፅ የሚነግር ጋራዥ ይቅርብሽ እህቴ። አንድ ጋራዥ 230 ኢ አውቶማቲኩ በኃይል እየመታ ይቀይራል ብዬ ስወስድለት፣ ሊፍት ላይ እንኳ ሳያወጣ “ካምቢዮው አልቋል” ብሎ ታድሶ የመጣ ካምቢዮ ገጠመልኝ። ከ2,000 ዩሮ በላይ ከፈልኩ። መኪናው እንደ በፊቱ ይመታል! ጥፋቱ የተሰነጠቀ የቫኩም ቱቦ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቤን ስጠይቅ “ካምቢዮውም አርጅቶ ነበር” አሉኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ግን አውቶማቲክ አትግዢ።

የኦፈንባኹ_ደንበኛ
የእኛ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም።

ካምቢዮ_722
ወንድሜ አርሂልገን፣ በጣም ያሳዝናል፤ ግን ጥፋቱ የካምቢዮው አይደለም። የእነዚህ መኪኖች አራት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ (722.3 እና 722.4) ጠንካራ ነው። ማርሹ ሲቀየር ምን ያህል ግፊት እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ከሞተሩ በሚመጣ ቫኩም (የአየር መሳብ ኃይል) ነው። ቫኩሙ ሲያንስ ካምቢዮው “ሰውየው ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጧል” ብሎ ስለሚያስብ በሙሉ ግፊት ይመታል። ስለዚህ የሚመታ አውቶማቲክ ሲመጣ በመጀመሪያ የእጅ ቫኩም ፓምፕ ካምቢዮው ጎን ካለው፣ ቫኩሙን ተቀብሎ ግፊቱን ከሚወስነው ሞዱሌተር ጋር ይገናኛል፤ መርፌው ከወረደ ሞዱሌተሩ ተቀዷል፣ ካልወረደ ቱቦዎቹና የጎማ ማገናኛዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። በቤንዚን ሞተር ሌላ ምልክት አለ። ሞዱሌተሩ ሲቀደድ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት ይጠጣል፤ መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ ዘይቱ ይጎድላል፣ ማርሚታውም ይጨሳል። የቫኩም ቱቦውን ነቅለሽ ውስጡ ቀይ ዘይት ካለ ነገሩ አለቀ።
ኮከብ፣ ለ250 ዲም ለ300 ኢም፦ ዘይቱን ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ፣ ዘይቱ ሞቆ (80 ዲግሪ አካባቢ) ለኪ። ቀይና ንጹሕ መሆን አለበት፤ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ተዪው። ዘይትና ፊልትሮ በየ60,000 ኪ.ሜ. ይቀየራል። የኮንቨርተሩም (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው) ቡሽ ተፈትቶ መፍሰስ አለበት፤ ሳህኑን ብቻ የሚያፈስ ጋራዥ አሮጌውን ዘይት ግማሽ ያህል ውስጥ ይተወዋል። ማርሽ ወደ ኋላ ስታስገቢ ሲቀዘቅዝ ብዙ ከዘገየ የውስጥ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል። ያ እድሳት ያስፈልገዋል።

አርሂልገን_64
ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር! የእጅ ፓምፕ እንኳ አልነበራቸውም።

123_ለዘላለም
እኔ ግን ከ124 በፊት የነበረውን ደብሊው 123 ፈልጊ ነው የምለው። ከ1976 እስከ 1985 ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። እውነተኛው መርሴዲስ እዚያ ላይ አበቃ።

ሲንደልፊንገን
አላበቃም። 124 በ1984 መጨረሻ ሲወጣ ያመጣውን ተመልከት፦ በ1982 በ190 ሞዴል የተጀመረው የኋላ አምስት ክንድ ሱስፔንሽን፣ ከ0.30 በታች የሚወርድ የነፋስ መቋቋም፣ መሀል ላይ አንድ ብቻ ሆኖ እየወጣና እየገባ 86 በመቶ መስታወት የሚጠርገው የዝናብ መጥረጊያ። ጎትሊብ ዳይምለር “ምርጡን፣ አለዚያ ምንም” ያለውን በብረት ያየሁት በዚህ መኪና ላይ ነው። 500 ኢ የሚባለው 124 ደግሞ ፖርሼ ሽቱትጋርት ሱፈንሃውዘን ውስጥ እጁን ያስገባበት ነው፤ 326 የፈረስ ጉልበት።
የዚህ ኩባንያ ፍቅር ምንጩ እኮ ከችግር መፍታት ነው። ካርል ቤንዝ ጥር 29 ቀን 1886 የፓተንት ማመልከቻውን አስገባ፤ ግን ሰው አላመነውም። በነሐሴ 1888 ሚስቱ ቤርታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ፎርትስሃይም ነዳችው። ነዳጅ ሲያልቅባት ቪስሎኽ ከነበረ ፋርማሲ ገዛች፣ የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣ መርፌ ከፈተች፣ ፍሬኑ ሲበላ ጫማ ሰፊ ቆዳ መታላት። ዳይምለርና ማይባኽ ካንሽታት፣ ቤንዝ ማንሃይም ሆነው ለየብቻ የጀመሩት በ1926 አንድ ሆነ። 1959 ላይ ሲጋጭ የሚጨማደድ የፊትና የኋላ ቦዲ፣ 1978 ከቦሽ ጋር ኤቢኤስ፣ 1981 የአየር ከረጢት፤ ሁሉም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው።

ሐና_ሽቱትጋርት
እንግዲያው ከመግዛትሽ በፊት ኡንተርቱርክሃይም ያለውን የመርሴዲስ ሙዚየም እዪ። በሊፍት ላይ ወጥተሽ ከ1886 ጀምረሽ በክብ መንገድ ወደ ታች ነው የምትወርጂው። ሰኞ ዝግ ነው።

ቀጥታ_ተናጋሪ
ልጅቷ የጠየቀችው ሦስት መኪናና አንድ ጋራዥ ነው። እስካሁን የተገኘው አንድ ሙዚየም፣ አንድ የሌለ 123 እና አድራሻው የማይጻፍ ኦፈንባኽ። ስለ ኢ 220 አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም!

ታደለ_ብር
አዲስ አበባ ልትልኪው ከሆነ ዲዝሉ ይሻላል፤ መለዋወጫ አይጠፋም።

ካምቢዮ_722
ከ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል። እሷም አልጠየቀችም።

ግብር_ቁጥር
ቀጥታ ተናጋሪ ልክ ብለሃል። እኔ ስለ ወጪው ልናገር፤ ምርጫውን የሚቀይረው እሱ ነው።
250 ዲ ያለ ሃ-ታርጋ (30 ዓመት ለሞላው ቅርስ መኪና የሚሰጥ ታርጋ) ግብሩ በዲዝል ዩሮ 0 (የጭስ ደረጃ ነው) ስሌት በየ100 ሲሲ 37.58 ዩሮ ነው፤ 25 ጊዜ ሲባዛ በዓመት 939.50። ፕላኬት (የጭስ ደረጃ የሚያሳይ ተለጣፊ) ስለማያገኝ ፍራንክፈርት የአካባቢ ዞን ውስጥም አይገባም። በሃ-ታርጋ ግን 191.73 ዩሮ ቁርጥ፣ ዞኑም ይፈቀዳል። ስለዚህ 250 ዲ ሃ-ታርጋ ካላገኘ ለአንቺ ዋጋ የለውም።
300 ኢ ዩሮ 1 ተብሎ ከተመዘገበ 30 ጊዜ 15.13፣ ማለትም 453.90። እዚህም ሃ-ታርጋ ያተርፋል።
ኢ 220 ዩሮ 1 ከሆነ 332.86፣ በተጨማሪ ዕቃ ወደ ዩሮ 2 ከተሻሻለ 161.92። ያኔ ሃ-ታርጋ ለግብሩ ሲባል አያስፈልግም። ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር እዪ።
ለሃ-ታርጋ 30 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም። ቲዩፍ ወይም ዴክራ (የመኪና መርማሪ ድርጅቶች) በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 23 መሠረት መርምሮ “በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀ፣ እንደ ፋብሪካው” ብሎ መመስከር አለበት። የተቀየረ መሪ፣ የዘመኑ ያልሆነ ቸርኬ፣ ዝገት፣ ሁሉም ያስጥላል። ከሻጩ ጋር ስትዋዋዪ “ሃ-ታርጋ ይችላል” የሚለውን አፍ ሳይሆን የተጻፈ ምስክር ወረቀት ጠይቂ።

ላሜራ_ይቅደም
ኢ 220ን በተመለከተ፦ ከ1992 ገደማ እስከ 1995 የተሠሩት ኤም 111 (የኢ 220 ሞተር) እና ኤም 104 ሞተሮች የሽቦ ልባሳቸው ከሙቀት እየደረቀ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ሲገናኙ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኮንትሮል ዩኒትም ሊያቃጥል ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሽቦ ከመሰኪያው አጠገብ ሽፋኑን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጊ፤ ከተሰነጠቀ ያው ነው። የተቀየረ ከሆነ ሽቦው ላይ የተሠራበት ቀን ያለበት መለያ አለ፤ ከመኪናው ዓመት በኋላ መሆን አለበት። የተቀየረበት ደረሰኝ ያለው ኢ 220 ከማንኛውም “አንድ ባለቤት” ይበልጣል።
300 ኢ (ኤም 103) ደግሞ ከዚህ ሽቦ ነጻ ነው። እሱ ላይ የምታዪው ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ነው፤ የቫልቭ ጎሚኒ ደርቋል፣ ቴስታታው ሳይወርድ ይቀየራል። ከቴስታታው የኋላ ቀኝ ጥግ ዘይት ካላበው ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፣ ያ የዋጋ ድርድር ነው።

የኦፈንባኹ_ደንበኛ
የእኛ ሰውዬ ሽቦውን ሳይነካ ያውቀዋል።

ካምቢዮ_722
ሳይነካ የሚያውቅ የለም፤ ጥሩ ጋራዥ ከሆነ ሊፍት ላይ ያወጣዋል። ጋራዥ ለመምረጥ ሥራውን የማይሸጥልሽ ሰው ይሻላል፦ አዳክ (የአሽከርካሪዎች ማኅበር)፣ ቲዩፍ ወይም ዴክራ ያገለገለ መኪና ምርመራ ያደርጋሉ። ቀድመሽ ቀጠሮ ያዢ፣ “ሊፍት ላይ ወጥቶ፣ ሥሩ በፎቶ” ብለሽ አስረግጪ። ከዚያ በኋላ ነው ኦፈንባኽም ሌላም።

ኮከብ_ፍራንክፈርት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር ተምሬአለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የሻሲ ቁጥሩ ትክክለኛው ሞተር መሆኑን ይነግረኛል?

ሲንደልፊንገን
አዎ። ደብሊው ዲ ቢ ብሎ ይጀምራል፣ ቀጥሎ 124፣ ከዚያ የሞዴሉ ቁጥር ይመጣል፦ 250 ዲ 124.125፣ 300 ኢ 124.030፣ ኢ 220 124.022። ከፋብሪካው የነበረው የሞተር ቁጥር፣ የቀለም ኮድና አማራጭ ዕቃ ደግሞ ዳታ ካርዱ (የመኪናው የፋብሪካ መዝገብ ካርድ) ላይ አለ፤ ፌልባኽ ያለው የመርሴዲስ ክላሲክ ሴንተርም ይረዳሻል። ሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከካርዱ ጋር ካልገጠመ ተቀይሯል ማለት ነው።

123_ለዘላለም
የ240 ዲ ቁጥር 123.123 ነው፣ ለማስታወስም ይቀላል።