የቫን ኤይክን ቀይ ጥምጣም እየገለበጥኩ ፊቱ ጭቃ ሆነብኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እጄን ላፍታታ ብዬ ሠዓሊው ያን ቫን ኤይክ እ.ኤ.አ. በ1433 የሠራውን ባለ ቀይ ጥምጣም ሰውዬ መገልበጥ ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። ትንሽ ስለሆነች ነው የመረጥኳት፣ 26 በ19 ሴንቲ ናት። ንድፉ ጥሩ ወጣ። ጥምጣሙም ይሄዳል። ፊቱ ግን አልሆነልኝም፤ ፎቶው ላይ የማየውን የቆዳ ቀለም ልበጠብጥ ስል ቢጫ ስጨምር ይገረጣል፣ ቡኒ ስጨምር ይቆሽሻል፣ በነጭ ላስተካክል ስል ደግሞ ቁጭ ኖራ የተቀባ ግድግዳ። ምን አጠፋሁ?

ሸራና ቡና፦
አንዴ በጥብጠህ የምታገኘው ቀለም አይደለማ! በስሱ ተደራርቦ ነው የተሠራው። ጣውላው ላይ ነጭ የጠመኔ መደብ አለ፣ ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ እሱን ነክቶ ነው የሚመለሰው። አንተ በነጭ ስትደፍነው ይሞታል። ፊቱን ጥረገው። በኡምበር (ቡናማ የአፈር ቀለም ነው) እና በነጭ ብቻ ብርሃንና ጥላውን ጨርስ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀዩንና ቢጫውን በተልባ ዘይት እንደ ሻይ አቅጥነህ አልብሰው። የታችኛው እጅ በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን። እኔ ተቃራኒውን አድርጌ አንዱ ሥዕሌ ዛሬ የደረቀ ኩሬ መስሏል።

እማማ ብሩሽ፦
ልጄ፣ እሱ እንኳ ጥምጣም አይደለም፣ ሻፐሮን የሚሉት የዘመኑ የራስ ልብስ ነው፤ ጫፉን አናቱ ላይ ጠምጥሞት ነው። ለማንኛውም ዓይኑን አጉልተህ እየው። ነጩ ነጭ አይደለም፣ ቀጫጭን የደም ሥር አለበት። አገጩ ላይም ያልተላጨች ጢም አለች። እኔ ሙሉውን ትቼ ያንን ዓይን ብቻ 5 ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ እጄ የተፈታው ያኔ ነው። ደግሞ የጠረግክበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ እንዳትጥል! የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ውኃ ውስጥ ንከረው።

ጀማሪው፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨርቁን አሁኑኑ ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት 😅 ፊቱንም ጠረግኩት፣ ልቤ እየደማ። የጥምጣሙ፣ ይቅርታ፣ የሻፐሮኑ እጥፋት ጥላ ላይስ ጥቁር ልጨምር?

ሸራና ቡና፦
ጥቁሩን ተወው፣ ቀዩን ይገድልብሃል። የተቀባው ካድሚየም ቀይ ከሆነ ይድረቅና፣ ክሪምሰን የሚባለውን ጠቆር ያለ ቀይ በዘይት አቅጥነህ እጥፋቱ ውስጥ ብቻ አሳልፈው። ካልጠቆረልህ ሲደርቅ ድገመው። ፎቶ ላክልን።