ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ! የካላም ፕረዘንቴሽን ነገ ጠዋት ነው

ሚጡ፦ ወገኖቼ ድረሱልኝ! ኮፒ ቤት ሀንድአውት ላሳትም ፍላሼን ሰጠሁ። ቤት መጥቼ ስሰካው ሁሉም ሾርትከት ሆኗል፣ እያንዳንዱ 1 ኪሎባይት። 22 ስላይድ ነበረኝ። ርዕሴ የሕንዱ አብዱል ካላም ናቸው፤ የጠፈር ድርጅቱን መርተው፣ ሚሳይል ሠርተው፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት። ነገ 3 ሰዓት ላይ አቀርባለሁ። ፋይሉ ካልተገኘ ታሪካቸውን እንኳ ጻፉልኝ፣ ሌሊቱን አዲስ እሠራለሁ።

የጎፋው፦ ፎርማት አድርጊውና ተገላገይ። ሃሃ ቀልዴን ነው፣ እንዳትነኪው!

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ፍላሽ የሚባል ነገር አልነበረም። በእጃችን ጽፈን፣ በቃላችን ይዘን ነበር የምንቀርበው። የወር ሥራን አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጦ ኮፒ ቤት ይዞ መሄድ ምን ይባላል?

ሚጡ፦ ጋሼ፣ ቁጣውን ለነገ ያቆዩልኝ በእናትዎ።

ጠጋኙ፦ ዊንዶውስ ነው አይደል? ፋይሎችሽ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቶቹን አትክፈቺ፣ ስትከፍቻቸው ነው ወደ ኮምፒውተርሽ የሚገባው። «ቪው» ውስጥ ገብተሽ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ። አሁንም ካልታዩ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሺ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ይወጣል፣ ዕቃሽ እዚያ ነው። ፓወርፖይንቱን ብቻ ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጊ።

ቤዛ፦ ይቅርታ ሚጡ፣ ግን ካላም የጠፈር ድርጅቱን መርተው አያውቁም! ሊቀመንበሩ ሳቲሽ ዳዋን ነበሩ። ካላም እዚያ የኤስኤልቪ-3 ሮኬት ፕሮጀክት ዳይሬክተር ነበሩ። በኃላፊነት የመሩት የመከላከያውን ምርምር ነው። እንዲህ ብለሽ ከጀመርሽ ገና ከመነሻው ትያዣለሽ።

የሳሪሷ፦ «ቪው» ውስጥ ግቢና የተደበቁትን አሳዪ።

ጠጋኙ፦ እኔ ምን አልኩ ታዲያ?

ሚጡ፦ ቤዚ፣ እሺ አስተካክላለሁ። ዓመቶቹን ብቻ ስጪኝ!

ቤዛ፦ ሁሉም በፈረንጆች ነው። 1931 ራመስዋራም ተወለዱ። ማድራስ የአውሮፕላን ምህንድስና ተማሩ። የጦር አብራሪ ሊሆኑ ተፈትነው ነበር፤ ቦታው 8፣ እሳቸው 9ኛ ወጡ። በ1969 ወደ ጠፈር ድርጅቱ ተዛወሩ። ኦገስት 1979 ሮኬታቸው ተተኮሰ፣ የሁለተኛው ክፍል መቆጣጠሪያ ተበላሸና ባሕር ውስጥ ገባ። ጋዜጠኞቹ ፊት የቀረቡት ዳዋን ናቸው፣ ጥፋቱን ራሳቸው ወሰዱ። ጁላይ 1980 ሲሳካ ደግሞ ካላምን «አንተ ሂድና መግለጫውን ስጥ» አሏቸው። ካላም ይህን እስከ እርጅናቸው ሲያወሩት ኖረዋል። ስለ አመራር ከሆነ የምታቀርቢው፣ ከ22ቱ ስላይድ ይሄ አንዱ ይበልጣል።

የጎፋው፦ የእኛ አለቃ ቢሆን ሲሳካ ራሱ ይወጣል፣ ሲወድቅ እኔን ይልካል።

ቤዛ፦ ልቀጥል። በ1982 ሃይደራባድ ያለው የመከላከያ ምርምር ላቦራቶሪ ዳይሬክተር ሆኑ። በ1983 አምስት ሚሳይሎችን በአንድ ፕሮግራም አስጀመሩ። ከአምስቱ ፕሪትቪ በ1988፣ አግኒ በ1989 ተሞከሩ። ከ1992 እስከ 1999 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሳይንሳዊ አማካሪና የመላው የመከላከያ ምርምር ድርጅት ኃላፊ ነበሩ። ፕሬዚዳንትነቱ 2002 እስከ 2007 ነው።

ኢንጂነሩ፦ ውዳሴ ብቻ አታድርጉት እንጂ። ከአምስቱ ትሪሹል ለዓመታት ተጎትቶ ቀረ፣ ናግም እጅግ ዘግይቷል። አምስቱን በአንዴ ማስጀመር ጥሩ አመራር ነው ወይ የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። «ዶክተር» የሚለውም የክብር ማዕረግ ነው፣ ፒኤችዲ አልሠሩም። የ1998ቱን የሕንድ የኒውክሌር ሙከራም ብቻቸውን አልሠሩትም፤ የአቶሚክ ኮሚሽኑ ቺዳምባራም አብረው ነበሩ።

ቤዛ፦ ልክ ነህ። ግን ለአግኒ ከተሠራው ቀላል ቁስ ለፖሊዮ ሕፃናት የእግር ድጋፍ ማሠራታቸውንም ጨምር። 3 ኪሎ የነበረው 300 ግራም ሆነ። ሕፃናቱ ሲሮጡ እያዩ ወላጆች አለቀሱ ይላሉ።

የሳሪሷ፦ የተደበቁትን ፋይሎች አሳይተሽ ነበር?

ሚጡ፦ ስም የሌለው ፎልደር ወጣ!!! ልክፈተው?

ጠጋኙ፦ ክፈቺው እንጂ! ሲወጣ በቴሌግራም ለራስሽ ላኪው።

ጋሽ መምህር (በማግስቱ 8 ሰዓት)፦ ልጄ፣ አቀረብሽ?

የጎፋው (በሦስተኛው ቀን)፦ ሚጡ?