ጉድጓዳችንን የበከለው ቄራው ነው ወይስ የራሳችን መጸዳጃ?

የምንኖረው ከቄራ 120 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ሽታውንና ዝንቡን ለምደነዋል፤ ጭንቀታችን ውኃው ነው። ጉድጓዳችን 9 ሜትር ይጠልቃል፤ የደም ፍሳሹ የሚሄድበት ክፍት ቦይ ከበላዩ ያልፋል። በሁለት ወር ውስጥ ልጆቹን ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ያዛቸው። ውኃውን አስመረመርን። ኢ. ኮላይ (ከሰው ወይም ከእንስሳ ሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ተገኘበት፤ ናይትሬቱ (ከሰገራና ከመሳሰሉት ቆሻሻዎች ወደ ውኃ የሚገባ፣ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ የሆነ ኬሚካል) በሊትር 68 ሚሊግራም ሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 50 ነው። አፍልተን መጠጣት ስንጀምር ተቅማጡ ቆመ። ናይትሬት ግን በማፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ለአራት ወሯ ልጃችን የዱቄት ወተት የምንበጠብጠው በተገዛ ውኃ ነው። የቄራው ኃላፊ «የራሳችሁ መጸዳጃ ነው» ይላል። እውነቱን ለመናገር 25 ሜትር ላይ የጉድጓድ መጸዳጃ አለን፤ አፌን ሞልቼ መከራከር አልቻልኩም። ብክለቱ የእንስሳ ይሁን የሰው ለመለየት ላቦራቶሪውን የትኛውን ምርመራ ልጠይቀው?