አዲስ ይዘት ሲጨመር የቀድሞው ልፋት መሻር አለበት ወይ?

ጉዳዩን ያቀረበው፦
በኦንላይን አርፒጂ ጌሞች (ብዙዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ ገጸ ባሕርያቸውን እያሳደጉ በሚጫወቷቸው) ላይ ዘወትር የሚሰማው ምሬት «አዲስ ይዘት ዘገየብን» የሚል ነው። እኔ ግን የቅሬታው ሥር ሌላ ነው ባይ ነኝ። ብዙዎቻችንን ያስቀየመን የአዲሱ መዘግየት ሳይሆን፣ በመጣ ቁጥር የቀድሞውን ልፋት ከንቱ ማድረጉ ነው። እኔ ራሴ ከሃያ ሰዎች ጋር በሳምንት ሁለት ሌሊት እየተገናኘን ለሰባት ወራት ከአንድ ሬይድ (በብዙ ሰው ኅብረት ብቻ ከሚወጡት ከባድ ፈተና) ጋር ስንታገል ከቆየን በኋላ፣ የመጨረሻውን ቦስ፣ ማለትም ዋናውን ጠላት፣ በጣልን በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ኤክስፓንሽን (ትልቅ የጌም ጭማሪ) ወጣ፤ በዚያው ምሽት ከአንድ ቀላል ተልእኮ ያገኘሁት ተራ ሰይፍ ያን ሁሉ ሌሊት ከደከምኩለት ሰይፍ በልጦ ተገኘ። የጌሙን ስም አልጠራም፤ አሠራሩ የብዙዎቹ ነውና።

እንግዲህ ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው፦ አዲስ ለመጨመር የግድ የነበረው መሻር አለበት? የለበትም እላለሁ። ጊልድ ዋርስ 2 የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የደረጃው ጣሪያ፣ ማለትም ተጫዋቹ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ደረጃ፣ 80 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በርካታ ኤክስፓንሽኖች ወጥተውለትም ጣሪያው 80 እንደሆነ ቆይቷል። የ2015ቱ ኤክስፓንሽን ያመጣው በአየር ላይ የመንሳፈፍን ችሎታ ሲሆን፣ የ2017ቱ ደግሞ የሚጋለቡ እንስሳትን ነው። ተጫዋቹ አዲስ ነገር አገኘ፤ በእጁ የነበረውም አልተወሰደበትም።

የጊልድ መሪ፦
ወንድሜ፣ ሕመምዎ ይገባኛል፤ በመደምደሚያዎ ግን አልስማማም። ትጥቅ ፈጽሞ የማይሻርበት ጌም ዘግይቶ ለሚገባ ሰው በሩ የተዘጋ ነው። ጓደኞቹ የአምስት ዓመት ትጥቅ ለብሰው የሚጠብቁት ጀማሪ፣ ከእነሱ ጎን ለመሰለፍ የእነሱን አምስት ዓመት መድገም ሊኖርበት ነው። ኤክስፓንሽን ሲወጣ ግን ሁሉም ከአንድ መስመር ይነሣል። ጊልድ (አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ማኅበር) በመራሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ጥለውን የሄዱ አባላት የሚመለሱልንና አዲሶችም ሳይሸማቀቁ የሚቀላቀሉን በዚያን ሰሞን ነበር። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 በ60 የጀመረውን የደረጃ ጣሪያ በ2007 ወደ 70፣ በ2008 ወደ 80 ሲያወጣ ተጫዋቹ አልሸሸም፤ በ2010 ከ12 ሚሊዮን በላይ ከፋዮች እንዳሉት ኩባንያው አስታውቋል። በምሳሌነት ያነሡት ጊልድ ዋርስ 2ም ቢሆን፣ በወጣ በሦስተኛው ወር ከነበረው ሁሉ የሚበልጥ የትጥቅ እርከን ጨምሮ ተጫዋቾቹን እንዳስቆጣ መዘንጋት የለበትም።

በማታ የምትጫወት፦
ሁለታችሁም የምትከራከሩት በሳምንት ሁለት ሌሊት ሙሉ መቀመጥ ስለሚችል ሰው ነው። እኔ ሥራዬን ጨርሼ፣ ልጆቼን አስተኝቼ የማገኘው አንድ ሰዓት ነው። የሰይፌ መሻር ያን ያህል አያሳዝነኝም፤ የሚያሳዝነኝ ቀን ተቆርጦለት የሚመጣና የሚጠፋ ይዘት ነው። አቅራቢው የነበረ ነገር አልተወሰደበትም ባሉት በዚያው ጊልድ ዋርስ 2፣ በ2013 ተጀምሮ እስከ 2014 መጀመሪያ የዘለቀው የመጀመሪያው ተከታታይ ታሪክ በአብዛኛው በየሁለት ሳምንቱ እየቀረበ ያልፍ ነበር። በዚያ ሰሞን የታመመ፣ ፈተና የነበረበት ወይም ሥራ የበዛበት ሰው ታሪኩ አመለጠው ማለት ነው። ተሟልቶ ተመልሶ ሊጫወቱት የተቻለው በ2022 ነው። ይህን ከትጥቅ መሻር የባሰ በደል አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ትጥቅ ሌላ ይገኝለታል፣ ታሪክ ግን መካከሉ ከጎደለ የቀረው ትርጉም ያጣል።

ምንም አለመሻርም የራሱ ሸክም አለው። በፋይናል ፋንታሲ 14 ወደ አዲሱ ኤክስፓንሽን ለመግባት ከ2013 ጀምሮ የተጻፈውን ዋና ታሪክ በቅደም ተከተል መጨረስ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መዝለያውን በተጨማሪ ክፍያ መግዛት ነው። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ጓደኞቼ አዲሱን ምዕራፍ ሲያወሩ እኔ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዓታት ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
የሠሪዎቹም ችግር ይነገር። አንድ ቡድን ወራት የፈጀበትን ሬይድ ብርቱ ተጫዋቾች በቀናት ውስጥ ይጨርሱታል፤ ይህን ርቀት በሰው ብዛት ብቻ ማጥበብ አይቻልም። የትጥቅ መሻር የተፈለሰፈውም ተጫዋቹን ከአዲሱ ይዘት ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ለማቆየት ይመስለኛል። በዚያ ላይ የቀድሞው ይዘት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ የውጊያው ስሌት በተለወጠ ቁጥር እንደገና መፈተሽ አለበት። ተኩስን ከአርፒጂ ጋር ያዋሐደው ዴስቲኒ 2 በኅዳር 2020 የመጀመሪያውን ዘመቻና አራት ሙሉ ሥፍራዎችን ሲያነሣ ያቀረበው ምክንያት የጌሙን ግዝፈትና የጥገናውን አስቸጋሪነት ነበር።

ደግሞም አቅራቢው መዘግየትን እንዲህ አቃልለው ማለፋቸው ልክ አይመስለኝም። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በኅዳር 2014 ባወጣው ኤክስፓንሽን ከፋዮቹ ከ10 ሚሊዮን አልፈው ነበር፤ በ2015 አጋማሽ ግን 5.6 ሚሊዮን ደረሱ። በሰኔ 2015 ከመጣው ዋና አፕዴት በኋላ ቀጣዩ ኤክስፓንሽን የወጣው በነሐሴ 2016 ነው። አሥራ አራት ወር ባዶ ሜዳ ላይ ማን ይቆያል?

የድሮ ተጫዋች፦
የጥገናው ወጪ ይገባኛል፤ ሆኖም የዴስቲኒ 2 ተጫዋቾች ከተነሣው ይዘት ከፊሉን በገንዘባቸው ገዝተውት ነበር። ሻጭ የሸጠውን መልሶ ሲወስድ ጥገና ከበደኝ ማለቱ በቂ መልስ አይደለም። የድሮውን የሚፈልግ ሰው የለም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2010 የመጀመሪያዎቹን አህጉራት እንደገና ከሠራ በኋላ ተጫዋቾች የጥንቱን ዓለም ለዓመታት ሲጠይቁ ኖረው በነሐሴ 2019 ክላሲክ የተባለው የጥንቱ ቅጂ ተከፈተላቸው።

እኔ የምደግፈው የኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን መንገድ ነው። በ2013 ከ2007 ቅጂ ተነሥቶ የተከፈተው ይህ ጌም፣ ዋና ዋና ጭማሪዎቹን ለተጫዋቾች ድምፅ ያቀርባል፤ ለማለፍ 75 ከመቶ ይጠይቅ ነበር፣ በ2022 ወደ 70 ዝቅ ብሏል።

በማታ የምትጫወት፦
ድምፅ የሚሰጠው ግን በውስጥ ያለው ነው። ገና ያልገባው ጀማሪ፣ ተሰላችቶ የወጣውም ሰው በዚያ ቆጠራ ውስጥ የሉም።

ጉዳዩን ያቀረበው፦
ሁለት ነገር ተቀብያለሁ። ስለ ጊልድ ዋርስ 2 የተነገረው እውነት ነው፤ ምሳሌዬ ካሰብኩት የጎደለ ነበር። መዘግየትንም አቃልያለሁ። በዋናው ነጥብ ግን እጸናለሁ፤ ይልቁንም አጠብበዋለሁ፦ የሰይፌ ኃይል ቢሻር እቀበላለሁ፣ ሰይፉን ያገኘሁበት ቦታ ግን ሰው የሚሄድበት ሆኖ ይቆይ። ፋይናል ፋንታሲ 14 ይህን ያደርጋል። ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ ተጫዋች የቀድሞ ዋሻዎችን (በትንሽ ቡድን የሚገባባቸውን የውጊያ ሥፍራዎች) በዕጣ እየደረሱት ሲገባ ኃይሉ ወደ ዋሻው መጠን ይወርድለታል፣ የሚያገኘውም ሽልማት ለዛሬው ፍላጎቱ ይጠቅመዋል። በዚህም ጀማሪው አብሮት የሚገባ ሰው አያጣም፤ የዓመታት በፊት ሥራም በረሓ አይሆንም።

የጊልድ መሪ፦
እንዲህ ከሆነ በኃይሉ መሻር ተስማምተናል፤ በጊዜው ግን ገና ነን። አንድ ሬይድ ከወደቀ በኋላ ቡድኑ ትጥቁን ለብሶ የሚቆይበት ቢያንስ ስድስት ወር ይኑር ብንል፣ ሬይዱን በመጀመሪያው ሳምንት የጨረሱት ስድስት ወር ሙሉ ሥራ ፈት ይሆናሉ፤ እርስዎ ደግሞ በሰባተኛው ወር ነው የጨረሱት። ሠሪው የማንኛችሁን ቀን ይቁጠር?