ከአሜሪካ የተላከ የኤሊ ማሞቂያ እና የእሳት ስጋት፦ በቀጥታ ልንሰካው እንችላለን?

ጥያቄ (ከአዘዞ)

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ መተማ ሳሉ በግቢያቸው ያሳደጓት የየብስ ኤሊ፣ እሳቸው ወደ ጎንደር ሲዛወሩ አብራቸው መጥታ አሁን በእኛ ቤት ትኖራለች። ቅርፊቷ ቢጫማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ቀን ቀን በግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች ስለምትውል ችግር የለባትም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን የሌሊቱ ብርድ ስለሚበረታባት እስከ ረፋድ ድረስ አንገቷን አታወጣም፣ ምግብም አትነካም። ይህን የሰማች አሜሪካ የምትኖር እህቴ ብርሃን የማይሰጥ፣ ሙቀት ብቻ የሚያወጣ የሴራሚክ ማሞቂያ አምፖል ከነመያዣውና ከነገመዱ ልካልናለች። በአምፖሉ ላይ 120 ቮልት፣ 100 ዋት የሚል ተጽፎበታል።

እስካሁን ስንጠቀም የቆየነው ከጎረቤት በተዋስነው ትራንስፎርመር ነው፤ ባለቤቶቹ ስለፈለጉት ግን በዚህ ሳምንት እንመልሳለን። አንድ ባለሱቅ የአሜሪካውን ጠፍጣፋ ስፒና ወደ እኛ ክብ ስፒና የሚለውጥ ትንሽ መሰኪያ ከገዛሁ ትራንስፎርመር እንደማያስፈልገኝ ነግሮኛል። ይህ ትክክል ነውን?

የአቀማመጡን ሁኔታም ልግለጽ። ማደሪያዋ ከጣውላ የተሠራ ሣጥን ሲሆን ጭድ ተነጥፎበታል፤ የአምፖሉ መያዣ በሣጥኑ ጠርዝ ላይ በመቆንጠጫ ብቻ ተይዟል። ክፍሉ የጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱም በማዳበሪያ የተወጠረ ነው። ማሞቂያው የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ፍሪጅም አለ፤ አልፎ አልፎ ስፒናው ሲነካ ይሞቃል። እናቴ እሳት ይነሣል ብላ ሌሊት እንዲነቀል ትፈልጋለች፤ ወንድሜ ደግሞ ብሬከር ስላለን አያሰጋም ይላል። የምታውቁ ብትመክሩን እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ፒያሳ)

በመጀመሪያ የባለሱቁን ምክር ፈጽሞ እንዳትከተሉ እለምናለሁ። ያ መሰኪያ የሚለውጠው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ እንጂ ቮልቱን አይደለም። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው፤ በ120 ቮልት 100 ዋት እንዲሰጥ የተሠራ የሴራሚክ ማሞቂያ በ220 ቮልት ላይ ሲሰካ የሚስበው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ወደ 336 ዋት ይደርሳል፤ ይህም ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ተራ አምፖል ቢሆን ኖሮ ወዲያው ተቃጥሎ ይገላግለን ነበር። ሴራሚኩ ግን በውስጡ ያለው ሽቦ እስኪበጠስ ድረስ ከልክ በላይ እየጋለ ሊቆይ ይችላል፤ ብርሃን ስለሌለውም ምን ያህል እንደጋለ በዓይን አይታይም። በትክክለኛው ቮልት እንኳ ቢሆን ፊቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ የሚችል ዕቃ መሆኑን አትርሱ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው አምፖል ጥርስ ከእኛው ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ እዚህ በተገዛ መያዣ ላይም ያለ ችግር ይጠመዘዛል። ስለዚህ ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም፤ መታየት ያለበት በላዩ የተጻፈው ቮልት ነው። ኤሊ ካላቸው ወዳጆቻችሁ መካከል እንዲህ ያለ ዕቃ ከውጭ የሚላክላቸው ቢኖሩ ይህን ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ብሬከሩ ወንድምዎ የተናገሩት ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ሆኖም ለዚህ ዓይነቱ አደጋ መከላከያ አይሆንም። ብሬከር የሚቆርጠው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከልክ ሲበዛ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ነው። የሞቀው ስፒና የሚያመለክተው ግን በዲቫይደሩ ውስጥ ያለው መያዣ መላላቱን ነው፤ በላላ ግንኙነት ላይ ሙቀት የሚፈጠረው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሳይጨምር ስለሆነ፣ 16 አምፔር ላይ የሚቆርጠው ብሬከር ፕላስቲኩ ቢቀልጥ እንኳ ምንም ላያውቅ ይችላል። ሶኬቱ ዙሪያውን ቢጫ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ወይም ስፒናው ሲሰካ የማይጨብጥ ከሆነ ያን ዲቫይደር ዛሬውኑ አስወግዱት። ፍሪጁ ለብቻው ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካ፤ ማሞቂያውም እንዲሁ።

መያዣውን በተመለከተ አምፖሉ የሚጠመዘዝበት ውስጡ ሴራሚክ መሆን አለበት፤ ፕላስቲክ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ደርቆ ይሰነጠቅና ይፈረፈራል። መቆንጠጫ ብቻውን አይታመንም፤ ሰው ሲያልፍ ገመዱ ቢጠለፍ ወይም ድመት ብትዘል አምፖሉ የሚወድቀው ጭዱ ላይ ነው። ስለዚህ ከጣሪያው ማገር ላይ በሰንሰለት ወይም በሽቦ ይታሰር፤ መቆንጠጫው ቢለቅ እንኳ ተንጠልጥሎ እንዲቀር እንጂ ሣጥኑ ውስጥ እንዳይገባ። ሰንሰለቱ በሚያልፍበት በኩል ማዳበሪያው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥ። የወጠራ ኮርኒስ እሳት ካገኘው ነበልባሉ ባንድ ጊዜ ክፍሉን ያዳርሳል፤ ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ማራኪ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ ከሌላው ወገን ልጀምር፤ ማሞቂያው ምን ያህል ያስፈልጋል? የገለጽዋት ኤሊ የነብር ኤሊ የምትባለው፣ በአገራችን ቆላማ ሥፍራዎች የምትገኘው ዝርያ ትመስለኛለች። ይህ ዝርያ እንደ አውሮፓ ኤሊዎች የብርዱን ወራት ተኝቶ አያሳልፍም፤ ስለዚህ እንድትተኛ ብሎ በብርድ መተው አይገባም። ይሁንና ጤነኛ ከሆነችና ማደሪያዋ ደረቅ ከሆነ ሌሊቱን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለ ሙቀት ማደር ትችላለች። የጎንደር ሌሊት በታኅሣሥ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ የምንፈልገው ጭማሪ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ጥቂቱን ጭማሪ ደግሞ ሙቀት በሚይዝ ሣጥን ማግኘት ይቻላል። ሣጥኑ ክዳን ይኑረው፣ ከወለሉ በጥቂቱ ከፍ ይበል፣ መግቢያው ጠባብ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ማሞቂያው ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ማሞቂያ ደግሞ የእሳት ዕድሉ ያነሰ ነው። ክዳን ከተሠራ ግን ማሞቂያው ከክዳኑ ሥር ታፍኖ እንዳይቀር፣ ከላዩና ከጎኑ ክፍት ቦታ እንዲኖረው የግድ ያስፈልጋል።

ጭዱን በተመለከተ ከአምፖሉ ሥር ያለው ቦታ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሸክላ ጡብ ይሸፈን፤ ጭዱ ወደ ሌላው ጥግ ይሂድ። ሰጋቱራ እንዳይተኩ አደራ እላለሁ፤ ደረቅ ሰጋቱራ ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ ለረጅም ሰዓት ሊጨስ ይችላል። ከአምፖሉ እስከ ኤሊዋ ጀርባ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይሁን፤ የአምራቹ መመሪያ ከዚህ በላይ ካዘዘ እርሱን ይከተሉ። ኤሊ ከላይ የሚመጣ ሙቀት ጀርባዋን እያቃጠላት እንኳ ላትሸሽ ትችላለች፤ በዚህ ምክንያት ቅርፊታቸው የተቃጠለ ኤሊዎች በሕክምናችን የታወቁ ናቸው።

ሙቀቱ ሲበቃ በራሱ የሚያጠፋ ቴርሞስታት እጅግ ጠቃሚ ነው። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ግን በኤሊዋ ቁመት ልክ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ በደንብ መታሰር አለበት። ኤሊ በመንገዷ ያገኘችውን ሁሉ እየገፋች የምትሄድ እንስሳ ናት፤ መለኪያውን ከሣጥኑ ብታስወጣው ውጭ ያለውን ብርድ እያነበበ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ እንዲነድ ያደርጋል።

እናትዎ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ እስኪስተካከል ድረስ ሌሊት ይነቀል፤ ጥቂት ሌሊቶች በጨርቅ በተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ብታድር አትጎዳም። ደግሞም ኤሊዋ የዱር እንስሳ ስለሆነች በቤት ለማኖር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ አስቀድመው ለሚመለከተው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማሳወቁ ይጠቅማችኋል።

ጠያቂው (ከአዘዞ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲቫይደሩን ገልብጬ ሳየው አንዱ ቀዳዳ ዙሪያውን ጠቁሯል፤ አስወግደነዋል። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። መብራት ሲጠፋ አያቴ ከሰል አያይዘን ምድጃውን ከሣጥኑ አጠገብ እናድርገው ይላሉ፤ ይህ ይሻል ይሆን? ትራንስፎርመር ብገዛስ ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ማራኪ)

ለአያትዎ ከአክብሮት ጋር ይንገሩልኝ፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን። እሳቱን ትተን እንኳ ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ሻማና ኩራዝም ከጭድ አጠገብ አይቀመጡ። መብራት በጠፋበት ሌሊት የሞቀ ውኃው ጠርሙስና በሣጥኑ ላይ የሚጣል ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ብርድ ልብሱ ግን ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላ ብቻ ይጣል፤ መብራቱ በሌሊት ሲመለስ ማሞቂያው ከሥሩ በራሱ ይነሣልና።

መልስ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ፒያሳ)

ከሁሉ የሚሻለው እህትዎ የላኩትን ትተው 220 ወይም 230 ቮልት የተጻፈበትን ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሰው በኩል ማስመጣት ነው፤ ያኔ ትራንስፎርመር የሚባል ነገር አያስፈልግም። የግድ የሚገዙ ከሆነ ክብደት ያለው፣ የመዳብ ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር ይሁን፤ ለመንገደኛ የሚሸጡት ቀላል መቀየሪያዎች ለአጭር ጊዜ አገልግሎት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠሩ አልተሠሩም። ለ100 ዋት ማሞቂያ 200 ወይም 300 ዋት የሚችለውን ይምረጡ፤ ትራንስፎርመሩ ራሱ ስለሚሞቅ ከሣጥኑ ውጭ፣ አየር በሚያገኝበት ሥፍራ፣ ጨርቅ ሳይለብስ ይቀመጥ። ከጫኑት በኋላ የመጀመሪያውን ቀን በቀን ብርሃን ሰው ባለበት ያሠሩት፤ በየሰዓቱ ስፒናውን፣ ገመዱንና ትራንስፎርመሩን በእጅ ጀርባ ይንኩ። እጅ የማይችለው ከሆነ ነቅለው ይጻፉልኝ፤ እዚያው አዘዞ መጥቼ አያለሁ።