ከሥራ ተቀነስኩ፣ 60 ቀኑ ከየትኛው ቀን ነው የሚቆጠረው?

ሰላም ወገኖች፣ ጭንቅ ላይ ነኝና የምታውቁ እርዱኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ በሶፍትዌር ሙያ ስሠራ 3 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ወር መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ሰው ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ላፕቶፑንና ባጁን የዚያኑ ዕለት አስረከብኩ፣ ደሞዝ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ከፍለውኛል፤ የስንብት ደብዳቤው ላይም ሁለቱም ቀኖች ተጽፈዋል።

አይ-94 (እስከ መቼ አሜሪካ መቆየት እንደምችል የሚያሳየው መዝገብ) ላይ ያለው ቀን ቀድሞ ካላለቀ፣ ሥራ ካቆምኩ በኋላ ሕጉ እዚሁ ለመቆየት እስከ 60 ቀን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ግን ከየትኛው ቀን ይቆጠር? ባጁን ከመለስኩበት ከሆነ የቀረኝ 16 ቀን ነው።

አዲስ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ተመስገን። ቀጣሪው ማመልከቻዬን በጊዜው ካስገባልኝ የኢሚግሬሽንን መልስ ሳልጠብቅ ሥራ መጀመር እችላለሁ። ችግሩ ከዚያ በፊት ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚመጣው የደሞዝ ማረጋገጫ 7 የሥራ ቀን ይፈጃል፣ ጠበቃቸው ደግሞ ገና ወረቀት እየሰበሰበ ነው፣ ስደውል ነገ ይለኛል።

ባለቤቴና ልጄ ያሉት በእኔ ቪዛ ነው። የእኔ ከተበላሸ የእነሱም አብሮ ይበላሻል። ባለቤቴ ፍሪጁ ላይ ካላንደር ለጥፋ በየማታው አንድ ቀን ትሰርዛለች፣ እሱን ሳይ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ለጥንቃቄ ብዬ አሁኑኑ ወደ ጎብኚ ቪዛ ለመቀየር ባመለክትስ? ቀጣሪው ከ60ው ቀን በኋላ ቢያስገባልኝ እዚሁ ሆኜ ይስተካከላል ወይስ ወጥቼ መመለስ ግድ ነው? በዚህ ያለፋችሁ፣ ጠበቃም የሆናችሁ፣ በእናታችሁ ዝም አትበሉኝ።